የዲዮኒስ ሚዜ

መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ሣጥኑ የጋቢናውን ጀርባ ሁለት ጊዜ ያንኳኳ ነበር። ሻለቃ ባሻ ኩዝማ ቬድያሽኪን ከባቡር ጣቢያው ከወጡ ጀምሮ ሌላ ነገር አልሰማም። ሁለት ጊዜ መኪናውን አስቁሞ ወርዷል። ገመዱን ያሰረው በገዛ እጁ ነው፤ ቋጠሮው አልላላም፤ በሣጥኑና በጋቢናው መካከልም ድርቆሽ ጎስጉሷል። ድርቆሹ እንደነበረ አለ። ሣጥኑ ግን ያንኳኳል።

«አሁን ደግሞ ልታስቆመኝ ነው መሰለኝ» አለ ትሪፎን፣ የኑኩሌሽት መንደር የኅብረት እርሻ ሾፌር፣ ዓይኑን ከበረዷማው መንገድ ሳያነሣ። «ሻለቃ ባሻ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ነድቻለሁ። እስካሁን ከመኪናዬ ዘሎ ያመለጠ ሬሳ የለም።»

«ድምፅ አልሰማህም?»

«የምን ድምፅ?»

ኩዝማ፣ «ግድ የለም፣ ጓድ ሾፌር፣ ቀጥል» አለው።

«ጓድ እንኳ እዚህ ቀርቷል። ነፃ ከወጣን ከነሐሴ ጀምሮ ጌታዬ ነው የምንባባለው። ባለፈው የእርሻው ሊቀ መንበር 'ጌታ ትሪፎን፣ እባክህ ፋንድያውን ጫንልኝ' ብሎኛል።»

በሌላ ቀን ቢሆን ኩዝማ ይስቅ ነበር። እሱም በሩሲያ ከሚኖሩት ሞርድቪኖች ወገን፣ የገበሬ ልጅ ነው፤ የፋንድያ ቀልድ ይገባዋል። አሁን ግን እጁን ወደ ካፖርቱ የውስጥ ኪስ ሰደደና ወረቀቱ መኖሩን ዳሰሰ። ጽሑፉን በቃሉ ያውቀዋል። «ወታደር ዲዮኒስ ፕሪሳካሩ፣ ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ፣ በግንባታ ሥራ ላይ ሳለ ከመወጣጫ ወድቆ ሕይወቱ አልፏል። ሣጥኑን መክፈት ክልክል ነው።» ከታች የኮሎኔሉ ፊርማ፣ በፊርማው ላይ መዶሻና ማጭድ ያለበት ክብ ማኅተም አለ።

ወረቀቱ ውሸት ነበር። ይህን ከኩዝማ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ከስድስት ቀን በፊት፣ በሩቅ ሰሜን ባለው የግንባታ ሻለቃ ውስጥ፣ ተረኛው እሱ ነበር። ወታደሮቹ ከመንግሥታቸው ቀድመው ተከፋፍለዋል፤ ዩክሬኑ ለብቻው፣ ኡዝቤኩ ለብቻው፣ ሩሲያዊውም ለብቻው ይበላል። ሁለተኛ ዓመታቸውን ሊጨርሱ የተቃረቡት፣ በጦር ሠፈሩ ቋንቋ «አያቶች» የሚባሉት፣ ያን ምሽት ዲዮኒስን ያዙት። አገርህ ከእኛ ወጥታለች፤ አንተ ስለምን ዳቦአችንን ትበላለህ አሉት። ኩዝማ ከቀጭኑ የጣውላ ግድግዳ ማዶ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያይ ነበር። ልጁ በማዕረጉ ሲጠራው ሰማ። ተነሣ፤ የተነሣው ግን ወደ በሩ አልነበረም። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገና ተመልሶ ተቀመጠ። ነገ ማን አዛዥ፣ ማን ታዛዥ እንደሚሆን በማይታወቅበት ሰሞን ከአያቶች ጋር መጣላት አልፈለገም። ፈርቶ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ልጁ ሳይነጋ ሞተ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ኩዝማ እንቅልፍ የሚባል አላየም። ሬሳውን የሚያደርስ ሰው ሲፈለግ እኔ እሄዳለሁ ያለውም ራሱ ነው። አዛዦቹ ደግነት መሰላቸው። እሱ የፈለገው ግን የተበየደው የቆርቆሮ ሣጥን እንደታሸገ አፈር ሲለብስ በዓይኑ ማየት ነበር። እናቲቱ የልጇን ፊት ካየች ሁሉም ነገር ይወጣል።

ዛሬ ጠዋት ከባቡር እንደወረደ በከተማው የምልመላ ጽሕፈት ቤት ያገኘው ሻምበል ርክክቡን አልፈርምም ብሎት ነበር። ሰውየው ጢሙን አልተላጨም፤ ከጀርባው ግድግዳ ላይ ሥዕል ተሰቅሎበት የነበረው ቦታ አራት ማዕዘን ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

«በየትኛው ማኅተም ላትምልህ?» አለው። «አሮጌውን ሰብስበው ወስደውታል፤ አዲሱ ገና እየተቀረጸ ነው። ትናንት ማታ ቴሌቪዥን አላየህም?»

«ባቡር ላይ ነበርኩ።»

«ፕሬዚዳንቱ ተሰናበተ። ቀዩ ባንዲራ ከቤተ መንግሥቱ ወረደ። አንተና እኔ የማን ወታደሮች እንደሆንን የሚነግርህ ካገኘህ ለእኔም ደውልልኝ።»

ኩዝማ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለው መንግሥት እሱ በባቡር አልጋ ላይ ሲገላበጥ ሞተ ማለት ነው። ዲዮኒስ በአምስት ቀን ቀደመው። ይህን ሲያስብ ሐዘን ይሰማኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ የተሰማው ግን ብርድ ብቻ ነው።

መንደሩ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ኩዝማ ሻንጣውን ከፈተና የታጠፈውን ቀይ ባንዲራ አወጣ። ደንቡ ሣጥኑን አልብሰህ ግባ ይላል። ትሪፎን ፍሬን ያዘ።

«እሱን ብታለብሰው ሣጥኑን ከእነ መኪናዬ ነው የሚያቃጥሉት። ለአንተ እንኳ ግድ የለኝም፤ መኪናዋ ግን ያሳደገችኝ ናት።»

ባንዲራው ወደ ሻንጣው ተመለሰ። ኑኩሌሽት ትንሽ መንደር ናት፤ በየቤቱ ጣራ ጫፍ ላይ ከቆርቆሮ የተቆረጡ ዶሮዎችና እርግቦች ቆመዋል፤ ክንፋቸው ላይ በረዶ ተጋግሯል። መኪናው አንድ ሰማያዊ አጥር ፊት ሲቆም ኩዝማ ደነገጠ። ከበሩ አጠገብ ረጅም የጥድ ዛፍ ተተክሎ፣ ቅርንጫፎቹ ላይ ቀይና ነጭ ጥብጣብ፣ የወረቀት አበባ፣ ፖምና ለውዝ ተንጠልጥሎበታል።

«ተሳስተናል» አለ። «ይኼ የሰርግ ቤት ነው።»

«አልተሳሳትንም። እዚህ ሳያገባ የሞተ ልጅ ተድሮ ነው የሚቀበረው። ካልዳሩት ሙሽራ ፍለጋ ይመለሳል ይላሉ። እኔ እንኳ እንዲህ ባለው ነገር አላምንም» አለና ትሪፎን አማተበ።

ግቢው ውስጥ ሰው ሞልቷል። ሴቶቹ በትልቅ ሰፌድ የስንዴ ንፍሮ በማር ለውሰው ይዘዋል። ገና ሊገባ አሥራ ሁለት ቀን ስለቀረው ሁሉ የጾም ነው። አራት ሰዎች ሣጥኑን አውርደው በጓሮ በኩል፣ ከአባትየው የሥራ ቤት ፊት ባለው አግዳሚ ላይ አኖሩት። የሟች አባት ሃራላምቢ ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ በመንደሩ ጣራ ላይ ያሉት ዶሮዎች ሁሉ የእሱ እጅ ሥራ ናቸው። አጠገቡ ሚስቱ ዛምፊራ ቆማለች፤ ክንዷ ላይ ደረቱ የተጠለፈ ነጭ የሙሽራ ሸሚዝ አጥፋ ይዛለች።

«እንኳን ደህና መጡ አልልዎትም» አለችው፣ በተሰባበረ ሩሲያኛዋ። «ይዘውልኝ ስለመጡ ግን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ይክፈቱት፤ ልጄን ላልብሰው።»

ኩዝማ ወረቀቱን አወጣና ቀጥ ብሎ ቆሞ አነበበላት። «ክልክል» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሣም።

«ባያዩት ይሻላል፣ እትዬ» ሲል ጨመረ።

«ያላየሁትን እንዴት አድርጌ ልቅበረው?»

ሃራላምቢ ወረቀቱን ከኩዝማ እጅ ወሰደ። በወጣትነቱ ታንከኛ ነበር። ፊርማውን አየ፣ ማኅተሙን አየ፣ ደጋግሞ አየ። «ትእዛዙ በደንቡ የተጻፈ ነው፣ ዛምፊራ» አላት። «ክልክል ይላል። እኔም ለዚህ ማኅተም ምያለሁ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሃራላምቢ ግን ሞኝ አልነበረም። ወረቀቱን የሙጥኝ ያለው ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ስለፈራ ነው፤ እስኪከፈት ድረስ ልጁ እዚያ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ኩዝማ ይህን ከፊቱ አነበበና በሰውየው ፍርሃት ላይ ተደገፈ። በዚህም አፈረ።

«ማን ነው የከለከለው?» አለች ዛምፊራ።

«መንግሥት ነው፣ እትዬ።»

«የትኛው?»

ኩዝማ ማኅተሙን በጣቱ አሳያት።

«ይኼ ትናንት ማታ ሞተ የተባለው?»

ዛምፊራ ሸሚዙን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። «የሞተ ሰው ቃል የሚፈጸመው ኑዛዜ ሲሆን ነው» አለች። «ያ መንግሥት ለእኔ ምን ተናዘዘልኝ? ልጄን ወሰደ፣ ቆርቆሮ መለሰልኝ። ሃራላምቢ፣ አንተ ቆርቆሮ ሠሪ ነህ። ሥራህን ሥራ።»

ሃራላምቢ ከሰዎቹ መሃል ወደ ቆሙት የመንደሩ ቄስ ተመለከተ። አባ ኒኮዲም በዕድሜ የጎበጡ፣ ጆሯቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው፤ ይህን ግን ሰምተውታል።

«በጾም ሰርግ አልባርክም ስል ነው የኖርኩት» አሉ። «ሙት ግን ጾም የለበትም። ክፈተው፣ ልጄ።»

ሃራላምቢ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ ለኩዝማ መለሰለት። ከዚያ ሣጥኑ ጋ ሄዶ የተበየደበትን መስመር በአውራ ጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰ። «ቸኩሏል» አለ ለራሱ። «የበየደው ሰው ቸኩሏል። በደንብ የተበየደ እንዲህ አይጎረብጥም።» ከሥራ ቤቱ መሮና የቆርቆሮ መቀስ አመጣ።

ኩዝማ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ። አልፈቅድም ሊል ነበር፤ ቃሉ አፉ ውስጥ ነበር። ነገር ግን በማን ስም ነው የማይፈቅደው? መሮው ሲመታ ድምፁ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ የሚመጣ መሰለው። ቆሞ ቆጠረ፤ ሃራላምቢ ሃያ ሦስት ጊዜ መታ፤ ከዚያ መቀሱ ዙሪያውን ሄደና ክዳኑ ተነሣ።

ዛምፊራ አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ የልጇን ፊት ብዙ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ መሐረቧን በሞቀ ወይን ነክራ ግንባሩን መጥረግ ጀመረች። የጠቆረው አልለቀቀም። ሴቶቹ ጥርሳቸውን ነክሰው ወደ ጎን ዞሩ። ሃራላምቢ የልጁን ቀኝ እጅ አነሣ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ገለጠ፣ ግራውንም እንዲሁ። ተበላሽቶ የመጣ ሥራ እንደሚያይ ባለሙያ አገላብጦ አየው።

«ከመወጣጫ ወደቀ ነው የሚለው ወረቀቱ?»

«አዎን» አለ ኩዝማ።

«ሻለቃ ባሻ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ጣራ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። አራት ጊዜ ወድቄአለሁ። የሚወድቅ ሰው መሬቱን ሊይዝ እጁን ይዘረጋል፤ የሚሰበረው አንጓው ላይ ነው። ይኼ ግን ክንዱን ፊቱ ላይ ጋርዶ ነበር። የተሰበረው እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም ነው።» የልጁን እጅ ቀስ ብሎ መለሰው። «መሬት አንዴ ነው የሚመታ። የሚደጋግም ሰው ነው።»

አንድ ወጠምሻ ከአጥሩ ላይ ግንዲላ ነቀለ። ኩዝማ አየው፤ ሊከላከልም አላሰበም። ስድስት ቀን ሙሉ ሲጎተት የመጣ ነገር እግሩ ሥር የደረሰ መሰለው፤ እንዲያውም ቀለል አለው።

«አያቶቹ ናቸው» አለ። «የደበደቡት እነሱ ናቸው። እኔ ግድግዳው ማዶ ነበርኩ። ተረኛው እኔ ነበርኩ። ሰምቻለሁ።»

ዛምፊራ መሐረቡን አኖረች። «ድምፁን ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ።»

«ምን ይል ነበር?»

ይህን ጥያቄ ብቻ አልጠበቀም። «'ጓድ ሻለቃ ባሻ፣ ለመናገር ይፈቀድልኝ' አለ። ሦስት ጊዜ።»

ዛምፊራ አልገባትም፤ ወደ ባሏ ዞረች። ሃራላምቢ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ወታደር አለቃው ሳይፈቅድለት አይናገርም» አላት ከእጁ ሥር። «ደንብ ነው። እየደበደቡት፣ ልጃችን ደንብ ጠብቋል።»

«እርስዎስ ፈቀዱለት?»

«አልፈቀድኩም። ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረግሁ።»

ያኔ ነው ዛምፊራ ያለቀሰችው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ዛምፊራም ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተደፍታ ከልጅነቱ ጀምሮ እየጠራችው አለቀሰች፤ ሴቶቹም ተቀበሏት። ወጠምሻው ግንዲላውን ይዞ ሲራመድ እጇን ሳትቀና አነሣችበት። «በልጄ ሰርግ ደም አይፈስም» አለችው። ሰውየው ቆመ።

ልጁን አጥበው ሲያለብሱ ኩዝማ በረዶው ላይ ቆሞ ቀረ። የሚነካው የለም፤ የሚያናግረውም የለም። በኋላ ትሪፎን ሲጋራ እያጨሰ አጠገቡ መጣ፤ ዓይኑን ግን አላየውም።

«ሞተሩ እንደሞቀ ነው» አለው። «የማታውን ባቡር ትደርስበታለህ። ማንም አይከተልህም። እኔ ራሴ ነኝ የማደርስህ፤ አላዋራህም እንጂ አደርስሃለሁ።»

ኩዝማ እስከ መኪናው ሄደ። አንድ እግሩን የጋቢናው መወጣጫ ላይ አደረገ። ባዶው የጭነት ቦታ ላይ ድርቆሹ ብቻ ተበትኗል። አሁን የሚያንኳኳ ነገር የለም። ማንኳኳቱ እስከዚህ ድረስ ከውጭ ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ ታወቀው። ሰሜን ድረስ አራት ቀን ነው፤ ከሰሜን ወዲያ ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው።

«አንተ!»

ዛምፊራ ከበሩ ላይ ሆና ነው የጠራችው። ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። እጇ ላይ ረጅም የተጠለፈ ፎጣ ይዛለች። ኩዝማ እግሩን አወረደ።

«ሚዜ የለውም» አለችው። «ጓደኞቹ ሦስት ነበሩ። አንዱ ትብሊሲ ወታደር ነው፣ አንዱ ሪጋ፣ አንዱ ካባሮቭስክ። ድሮ አንድ አገር ነበር፤ አሁን ሦስት የውጭ አገር ነው አሉኝ። ማንም አይደርስልኝም።»

«እትዬ፣ እኔ እንዴት…»

«አዳምጠኝ። በእኛ ወግ ሙሽራ በሰርጉ ቀን አፉን አይከፍትም። በሙሽሪት ደጃፍ ቆሞ የሚናገርለት ሚዜው ነው። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደደረሰበት፣ ለምን እንደመጣ ይናገርለታል። ልጄ ሦስት ጊዜ ለመናገር ለመነህ፤ ሳይናገር አስቀረኸው።» ፎጣውን በካፖርቱ ላይ፣ ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ ጎኑ አሻግራ አሰረችው፤ ኒሻኖቹ ከሥሩ ተሸፈኑ። «ይቅር አልልህም። ብልህ ዋሸሁ። ግን ተናገርለት።»

ዲዮኒስን ከቆርቆሮው አባቱ ወደ ሠራለት የእንጨት ሣጥን አዛውረው፣ ክዳኑን ክፍት አድርገው አወጡት። ነጩ ሸሚዝ ላይ ቀይ የወረቀት አበባ አለ። ከፊት ጥዱ፣ ከኋላው አባ ኒኮዲምና አንድ ያረጀ ክራር መሳይ የያዘ ሽማግሌ፤ ሽማግሌው የሰርጉን ዜማ ይመታል፤ በጣም አዘግይቶ ስለሚመታው ግን ሙሾ ሆኗል። ኩዝማ ከሙሽራው ራስ አጠገብ ይሄዳል። ወደ ልጁ ፊት ላለማየት ሞከረ፤ አልቻለም። ከግድግዳው ማዶ የነበረው አሁን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው።

ሳንዳ የምትባለው ልጅ ቤት ሩቅ አልነበረም። የዲዮኒስ ደብዳቤዎች ይመጡላት የነበረችው እሷ ናት፤ ሙሽራ ልሁነው ብላ የጠየቀችውም ራሷ ናት። የግቢዋ ፍርግርግ በር እንደ ወጉ ተዘግቷል። ከበሩ ኋላ በነጭ ልብስ ትታያለች፤ ከፊቷ አጎቷ በትር ይዞ ቆሟል። መንደሩ በሙሉ ተሰብስቧል። ሩሲያኛ የማይሰማ በዚያ መሃል አልነበረም፤ አርባ ሰባት ዓመት ተምረውታል።

አጎትየው በትሩን መሬት ላይ መታ። «ማን ናችሁ? ከየት መጣችሁ? ማንንስ ይዛችሁ ነው ደጃችንን የምትመቱት?»

ኩዝማ ተረከዙን ገጠመ። ሃያ ሁለት ዓመት የለመደው ቃል ሳያስበው ወጣ። «ሻለቃ ባሻ ቬድያሽኪን፣ ከ…» ብሎ ቆመ። ከየት? የሚጠራው አገር አልነበረውም። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ዛምፊራ ከሣጥኑ ማዶ ሆና አፉን አፉን ታየዋለች።

የፀጉር ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኩዝማ እባላለሁ» አለ። «የሙሽራው ሚዜ ነኝ። ሙሽራው ዲዮኒስ ነው፤ የሃራላምቢና የዛምፊራ ልጅ። ከመወጣጫ አልወደቀም። ደብድበው ገድለውታል። የገዳዮቹን ስም አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ፤ የምትጽፉ ጻፉት። ከራሴ እጀምራለሁ።»